ጠርዙ የተሸረፈው ትሪ

በምሠራበት ምግብ ቤት ውስጥ «ሚዛን» የምንላት አስተናጋጅ አለች። እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። ከትሪዋ ላይ ጠብታ ሲፈስ ያየ ሰው ስለሌለ እኛው ያወጣንላት ነው። እስከ አፉ የሞላ የሾርባ ሳህን ይዛ፣ በወንበሮች መሃል የሚሯሯጥ ሕፃን አሳልፋ፣ የደንበኛውን ቀልድ ተቀብላ በባሰ ቀልድ መልሳ ሳህኑን ስታስቀምጠው፣ ሾርባው ከኩሽና መውጣቱን የሚያውቅ አይመስልም። እኔ ያንን ሾርባ የምሠራው ሴትዮ ነኝ። የማወራላችሁ ስለምወዳት ነው። ባልወዳትም አወራ ነበር፤ አፌ አያርፍም።

ሚዛን ትዕዛዝ አትጽፍም። ጆሮዋ ላይ እርሳስ ትሰካለች፣ እርሳሱ ግን ለጌጥ ነው። ማን ሽንኩርት እንደማይወድ፣ የትኛው ሽማግሌ ወንበሩ ግድግዳ ካልተጠጋ ምግቡ እንደማይዋጥለት በቃሏ ታውቃለች። ጠዋት ከሁላችንም ቀድማ ትመጣና መስኮቶቹን ትከፍታለች፣ የጠረጴዛ ልብሶቹን አራግፋ ታነጥፋለች፣ የሚንገዳገደው ጠረጴዛ እግር ስር ካርቶን አጣጥፋ ትወትፋለች። ሥራ የገባችው ባሏ ጥሏት ከሄደ በኋላ ነው። ስለ እሱ ሲጠይቋት «መንገድ ላይ ነው» ትላለች። የትኛው መንገድ እንደሆነ ደፍሮ የጠየቃት የለም።

ታዲያ ከደንበኛ ጋር እንዲህ ጨዋታ የማያልቅባት ሴት ከባርማኑ ጋር አትነጋገርም ነበር። ባርማኑ ደግሞ የእናቷ ልጅ፣ ታላቅ ወንድሟ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሠርጓ ነው። ወንድሟ ሙሽራውን አልወደደውም። አለመውደድ መብቱ ነው፤ ግን ምሳ ላይ፣ እጮኛዋ ፊት ለፊቱ እንደተቀመጠ፣ «ይሄ ሰው ቤት አያቆምም» አለ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። እሷም ደሟ ፈልቶ «እንግዲያው ሠርጌ ላይ እንዳትመጣ!» አለችው። አልመጣም። ከዚያ ወዲህ ተኮራረፉ። ባልየው ትቷት ሲሄድና የወንድሟ ቃል ሲደርስ ደግሞ ኩርፊያው ባሰ። «ብዬሽ ነበር» ብሏት አያውቅም፤ እሷ ግን ፊቱን ባየች ቁጥር የምትሰማው ያንኑ ነበር። ሰው የበደለውን ይቅር ሊል ይችላል፤ ልክ ሆኖ የተገኘበትን ግን እንጃ።

ምግብ ቤታችን ስትቀጠር ባንኮኒው ጀርባ ቆሞ አገኘችው። ማን ለማን ይለቃል? ሁለቱም እዚያው ቀሩ። መከራው የኔ ሆነ፤ የኩሽናዬ መስኮት ከባንኮኒው ጎን ነውና።

«ለዚያ ሰውዬ በረዶ አምጣ በይልኝ» ትለኛለች፣ ሰውዬው ክርኗ ስር ቆሞ።

«ሰምቻለሁ በያት» ይለኛል።

«ሰምቷል» እላታለሁ። አንዳንዴም ከራሴ ጨምሬ «ሰምቷል፣ ደግሞ ዛሬ አምሮብሻል ብሏል» እላለሁ። አንዳቸውም ስቀውልኝ አያውቁም።

ድስት ላይ ሆኜ ደግሞ ሁሌ አልደርስላቸውም። ስለዚህ ለመጠጡ ያለ እኔ የሚግባቡበት ዘዴ ነበራቸው። ቤታችን የሚታወቅበት አንድ የብርቱካን መጠጥ አለ። ለአዋቂ ቮድካ ይገባበታል፤ ለልጅ ጭማቂው ብቻውን ነው። ብርጭቆው አንድ፣ ቀለሙ አንድ። ሌላ ቤት ቢሆን ባርማኑ «ይሄ የልጅ ነው» ይላል፣ በቃ። እዚህ ማን አፉን ይክፈት? እሷ ትዕዛዙን በእጇ ታሳያለች፤ ለአዋቂ ጣቷን ቀጥ፣ ለልጅ መዳፏን ወደ መሬት ዝቅ። እሱ ደግሞ መልሱን የሚሰጠው በትሪው ነው። የእንጨት ትሪዋ ጠርዝ አንድ ቦታ ላይ ተሸርፏል። ቮድካ ያለበትን በሽራፊው በኩል፣ የልጁን ከሽራፊው ማዶ ያስቀምጥላታል። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ ተማክረው እንዳልሆነ ብቻ አውቃለሁ። ተሳስተው አያውቁም ነበር።

አንድ እሑድ ጠዋት ባለቤቱ አዲስ ትሪዎች ይዞ መጣ። የሚያብረቀርቁ፣ ክብ፣ በየትም በኩል ቢያዩአቸው አንድ የሆኑ ብረቶች። አሮጌዎቹን ሰብስቦ ዕቃ ቤት ከተተና እጁን እያራገፈ «አሁን ገና ሰው መሰልን» አለ።

እሑድ ምሳ ላይ ቤቱ ጢም ይላል። መስኮቱ አጠገብ አንድ አያት ከሴት ልጃቸውና ከልጅ ልጃቸው ጋር ተቀመጡ። ሕፃኗ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ፣ እግሮቿ ወለሉ ላይ የማይደርሱ ናት። አያትየው የቤቱን ብርቱካን አዘዙ። ልጅቷም «እኔም እንደ አባባ» አለች። ሚዛን ባንኮኒው ጋ መጥታ አንድ ጣት ቀጥ፣ አንድ መዳፍ ዝቅ አደረገች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁለቱም ለየብቻ ነግረውኛል። ባርማኑ ሁለቱን ብርጭቆዎች ይዞ ትሪውን አየ፤ ሽራፊ የለም። «አደገኛውን ወደ እሷ ላድርገው፣ ከዓይኗ እንዳይርቅ» ብሎ ቮድካ ያለበትን በእሷ በኩል አስቀመጠ። እሷ ደግሞ ትሪውን ስታነሳ «የልጅቷን ወደኔ አድርጎልኝ ነው፤ የአዋቂውን ወደ ራሱ» ብላ አሰበች። ሁለቱም ለጥንቃቄ ነው። ሁለቱም የሌላውን ልብ የሚያውቁ መሰላቸው።

ልጅቷ አንድ ጊዜ ጎንጨት አድርጋ «ያቃጥላል» አለች።

«ብርቱካን አይደል፣ ይጎመዝዛል» አለቻት እናቷ፣ ሥጋዋን እየቆረጠችላት።

ልጅቷ ከአያቷ ማነስ አልፈለገችም። እሳቸው ብርጭቆ ባነሱ ቁጥር እያነሳች፣ እሳቸው ባስቀመጡ ቁጥር እያስቀመጠች አብራቸው ጠጣች። ሚዛን በአጠገባቸው ስታልፍ አያትየው ጠሯትና እየሳቁ «ልጄ፣ ዛሬስ ቮድካውን ረስታችሁታል። ይሄ የሕፃን ነው» አሏት።

ሚዛን አልሳቀችም። የልጅቷን ብርጭቆ አንስታ አሸተተች። ግማሹ የለም። ያን ጊዜ ነው ከእጇ ነገር ሲወድቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት። አዲሱ ትሪ ወለሉ ላይ እየተሽከረከረ ሲጮህ ቤቱ በሙሉ ዞረ።

«እህቴ፣ ልጅሽ የጠጣችው ቮድካ ያለበትን ነው» አለች። «ጥፋቱ የኛ ነው። ተነሺ፣ ጤና ጣቢያ እንውሰዳት።»

ባለቤቱ እየተጣደፈ መጣ። «ቀስ በይ እንጂ፣ ሰው ይሰማል! ትንሽ ወተት ከጠጣች...»

«ይስማ!» አለችው።

ልጅቷ ጉንጮቿ ቀልተው ሹካዋን እያየች ትስቃለች። «እማዬ፣ ሹካው ይደንሳል» አለች። ሳቋ የሚያስቅ አልነበረም። ወዲያው ጭንቅላቷ ከብዷት እናቷ ትከሻ ላይ ወደቀች።

ጤና ጣቢያው መንገዱ መጨረሻ ላይ ነው። ሚዛን ከፊት ሰው እያስለቀቀች፣ እናትየው ልጇን ታቅፋ፣ አያትየው በከዘራቸው እያነከሱ፣ እኔ ደግሞ የልጅቷን የወለቀ ጫማ ይዤ ከኋላ። ሾርባዬን እሳት ላይ ትቼው ሄድኩ። ለምን እንደተከተልኳቸው አትጠይቁኝ፤ ቆሜ ድስት ማማሰል አልቻልኩም፣ ፈራሁ።

ነርሷ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። የልጅቷን ጣት ወግታ ደሟን አየችና «አልኮሉ ስኳሯን እያወረደው ነው» ብላ ስኳር በውሃ በጥብጣ ማጠጣት ጀመረች። ከዚያ ወደኛ ዞረች። «ብርጭቆው ውስጥ ምን ያህል አልኮል ነበር? ይሄንን ካላወቅኩ እዚህ ላቆያት ወይ ሆስፒታል ልላካት አላውቅም።»

ያንን የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። ሚዛን ወደኔ ዞረች። «ለዚያ ሰውዬ ደውለሽ...» ብላ ጀመረች፤ ልማድ ነው። የልጅቷን ዓይኖች አየቻቸው፤ ሊከደኑ ነው። ስልኬን ሳወጣ ከእጄ ነጥቃ ራሷ ደወለች።

«ወንድም ጋሼ» አለች።

ይህን ቃል ከአፏ ሰምቼው አላውቅም። በልጅነቷ እንዲህ ትጠራው እንደነበር እንኳ አላወቅኩም።

«እኔ ነኝ። ቮድካው ስንት ነው? የጠጣችው ልጅቷ ናት።»

ከወዲያ «መጣሁ» የሚል ድምፅ ለኔም ተሰማኝ።

ሽርጡን እንዳገለደመ እየሮጠ መጣ። በአንድ እጁ ጠርሙሱን፣ በሌላው መጠጥ የሚለካባትን ትንሽ መስፈሪያ ይዟል። «አንድ መስፈሪያ ናት። በእናቴ፣ ከዚህች አላለፈም። ብርጭቆውን በረዶ ሞልቶት ነበር» አለ እያለከለከ። ነርሷ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አነበበች፣ ልጅቷን መዘነች፣ ብርጭቆው ውስጥ ምን ያህል እንደቀረ ጠየቀች። «እዚሁ ትቆይ። ከአጠገቧ ሳልለይ አያታለሁ። ደህና ትሆናለች ብዬ አስባለሁ» አለች።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ማንም አልተቀመጠበትም። እናትየው ከክፍሉ ወጣች። ዓይኗ በርበሬ መስሏል። «ማነው እንዲህ ያደረጋት?» አለች።

«እኔ ነኝ» አሉ ሁለቱም አንድ ላይ።

ከዚያ ተያዩ፤ ከዚያ ጀመሩ።

«የቀዳሁት እኔ ነኝ፣ አንቺ ምን አገባሽ?»

«ያቀረብኩትስ? ልጅቷ ፊት ያስቀመጥኩት እኔ አይደለሁም?»

«ቮድካውን ወዳንቺ ያዞርኩት እኔ ነኝ እኮ!»

«ለምን ወደኔ ታዞረዋለህ?»

«እንድታውቂው ነዋ!»

«በምን ልወቅ? ነገርከኝ?»

«መቼ ታናግሪኛለሽና!»

«ሠርጌ ላይ የቀረው ማነው?»

«አትምጣ አልሽኛ!»

«አትምጣ ያልኩህማ እንድትመጣ ነዋ! ወንበርህን ከጎኔ አስቀምጬ፣ ብርጭቆህን በእጄ ሞልቼ፣ በር በሩን ሳይ... ብርጭቆው እንደሞላ መሸ።»

ወንድሟ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ጠርሙሱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «ሙሉ ልብሴን ለብሼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነው የዋልኩት» አለ። «አትፈልገኝም ብዬ።»

አያትየው ከዘራቸውን ተደግፈው ሁሉንም ሰምተዋል። አልጮኹም። «እንግዲህ የልጅ ልጄ የጠጣችው የእናንተን ኩርፊያ ነው» አሉ። ሁለቱም አቀረቀሩ። «ይቅር ይበሉን አባባ» አለች ሚዛን፣ ወንድሟም ተነስቶ ከጎኗ ቆመ። አያትየው ይቅር አላሉም፤ ወደ ልጅቷ ገቡ። እኔም ተናደድኩ፣ በሁለቱም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል እንጂ! ነቅዞ ነቅዞ አንዲት ጥርሰ ወላቃ ሕፃን ላይ ደረሰ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልጅቷ ቀና ብላ ተቀመጠች። ስኳሯ ተመልሷል። መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው፤ ቀጥሎ እጄ ላይ ያለውን። «እማዬ፣ ያቺ ሴትዮ ጫማዬን ሰርቃኛለች» አለች። እናትየው ሳቀችም አለቀሰችም። እኔ ሌባዋ ተንበርክኬ አጠለቅኩላት።

በማግስቱ ባለቤቱ ለአዋቂው መጠጥ ሌላ ዓይነት አጭር ብርጭቆ ገዛ፤ ግድግዳው ላይም ማስጠንቀቂያ ለጠፈ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እነ አያትየው ለብዙ ጊዜ አልመጡም፤ አልፈረድንባቸውም። አንድ ቀን ግን ልጅቷ እጃቸውን ይዛ ገባች። ውሃ አዘዘች፤ ሲመጣላትም መጀመሪያ አሸተተችው።

የወንድምና የእህቱን ነገር ግን ልጨርስላችሁ። የዚያ ሰኞ ምሳ አልቆ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተሰቅለው ነበር። ወንድሟ ባንኮኒውን ይወለውላል። ሚዛን ዕቃ ቤት ገብታ አሮጌውን ትሪ አወጣች። ረጅም ብርጭቆ አነሳች፣ ብርቱካን ጭማቂ እስከ አፉ ሞላች፣ በትሪው ይዛ ባንኮኒውን ዞራ ፊቱ አስቀመጠችለት። ጠብታ አልፈሰሰም።

«ይሄ ያንተ ነው» አለችው።

እኔ መስኮቱ ላይ ነበርኩ። ከሁለት አንዳቸው «በይው» ወይ «በያት» እስኪሉኝ ጠበቅኩ።

ወንድሟ ብርጭቆውን አነሳና ሳያቋርጥ ጠጣው። ባዶውን እንድታይ ወደ እሷ ገፋው። «ሠርጉ እንዴት ነበር?» አላት።

«ኬኩ ደረቅ ነበር።» ባዶውን ብርጭቆ አንስታ ትሪው ላይ አደረገች። «ልክ ነበርክ» አለችው።

«ባልሆን ይሻለኝ ነበር» አላት።

መስኮቱን ዘጋሁና ሾርባዬን ማማሰል ጀመርኩ።