ጸጥ ያለው ዕቃ ቤት

ወንድሜን ሰፈሩ በሙሉ «ኬብል» ነው የሚለው። ዕድሜውን ሙሉ ሊፍት ሲጠግን የኖረ ሰው ነውና ስሙ በዚያው ቀረ። እኔ ግን «ጋሼ» እለዋለሁ። ታላቄ ነው፤ ሲያናድደኝም ያው ጋሼ ነው፤ ደግሞ ሲያናድደኝ ነው የኖረው።

አንድ ጊዜ ትልቅ ፎቅ ጣሪያ ላይ፣ የሊፍቱ ሞተር ጥግ፣ እርግብ እንቁላል ጣለች። ጋሼ ሆዬ ሞተሩን አጥፍቶ «ብልሽት» የሚል ወረቀት ለጠፈ፤ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ድረስ የፎቁ ሰው ሁሉ በእግሩ ወጣ። ላይኛው ፎቅ የሚኖሩ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ሲረግሙት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እሱ ምን ገዶት! ሚስት አላገባ፣ ልጅ አልወለደ፤ ወፍ ካየ ግን አንጀቱ አይችልም።

ጡረታ ሲወጣ አርፎ ይቀመጣል ስንል፣ ደሴት ሄጄ የባሕር ወፍ ላጠና ነው አለን። በጎ ፈቃደኛ ሆኖ፣ ያለ ደመወዝ።

«በነጻ? አብደሃል እንዴ ጋሼ?» አልኩት።

ሰው የማይኖርበት፣ በጀልባ ታድሮ የሚደረስበት ደሴት ነው። ወፎቹ የሚፈለፍሉት ዛፍ ላይ ሳይሆን መሬት ቆፍረው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ደሴቱ ላይ ድመት የለም፣ እባብ የለም፣ አይጥ የለም፤ ስለዚህ መፍራት የሚባል ነገር አያውቁም። የበጎ ፈቃደኛው ሥራ በደረቱ ተኝቶ፣ እጁን እስከ ትከሻው ጉድጓዱ ውስጥ ሰዶ፣ እንቁላል ወይም ጫጩት መኖሩን መዳሰስ ነው። «እናትየዋ ትነክሳለች አሉ» ብሎ ሲነግረኝ ፊቱ እንደ ሙሽራ በራ።

ከመሄዱ በፊት ጥናቱን የሚመሩት ሰዎች ዕቃውን አንድ በአንድ ፈተሹ። ኪሱን ገለበጡ፣ የጫማውን ሶል በብሩሽ ፈተጉ፣ ሁሉንም ክዳን ባለው ባልዲ አሽገው ቀይ ፕላስተር ለጠፉበት። አንዲት ያረገዘች አይጥ ከገባች ደሴቱ አለቀለት ማለት ነው ብለውታል። ይህን ቤት መጥቶ ሲነግረን እማዬ ሳቀች።

«ምነው የኛን በወሰዱልን!»

እውነቷን ነው። ዕቃ ቤታችን ውስጥ አንዲት አይጥ ገብታ ከረጢቱን ሁሉ ስትቀረጥፍ እኔን እንቅልፍ ነስታኝ ነበር። ድመታችን እንደሆነች ቀለቧን እየበላች ከአይጧ ጋር ጉርብትና ገጥማለች።

ወደቡ ላይ ስንሸኘው እማዬ ከካፖርቷ ስር ክዳን ያለው ቅርጫት አወጣች። ዳቦና ለውዝ ነው፤ ማታውኑ አዘጋጅታ ዕቃ ቤት አስቀምጣው አድሯል።

«እማዬ፣ አይፈቀድም እኮ» አላት ጋሼ።

«የእናት ዳቦ ነው የማይፈቀደው? ልጇን ባዶ እጁን የምትሸኝ እናት የት አይተሃል?» ዓይኗ እንባ ሞላ።

የጥናቱ ኃላፊ ጀርባውን ሰጥቶ ባልዲዎቹን ይጭናል። ጋሼ ወደ እሱ አየ፣ ወደ እማዬ አየ፣ ቅርጫቱን ጃኬቱ ውስጥ ሸጎጠው። ለእርግብ ብሎ ሊፍት ያቆመ ሰው ለእናቱ እንቢ ማለትን ከየት ያመጣዋል?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕቃ ቤቱ ጸጥ አለ። እሰይ፣ ተገላገልን አልኩ። ድመቷ የበላቻት መስሎኝ ሥጋ ቆርጬ ሸለምኳት፤ እሷም ያለ ሥራዋ ተሸልማ ጢሟን ላሰች። እማዬ ግን በዚያው ሰሞን ዕቃ ቤት ገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ የተገለበጠ ሳጥን ላይ መቀመጥ አመጣች። ስጠራት እንኳ ቶሎ አትመልስም። እርጅና ነው ብዬ ተውኳት።

ጋሼ እሁድ እሁድ በሳተላይት ስልክ ይደውላል። መጀመሪያ ደስታው ሌላ ነበር፤ ክንዱ በንክሻ ቆስሎ ይስቃል። ኋላ ላይ የተቀረጠፈ እንቁላል አገኘን አለ፤ ሸርጣን ይሆናል አሉ። ቀጥሎ ደግሞ ድምፁ ሰለለ።

«ጫጩቷን ሳወጣት ሕይወት አላት፤ ጀርባዋ ግን ተበልቷል። እጄን የምትነክሰው እናቷ አጠገቧ ተቀምጣለች። አትሸሽም፣ አትከላከልም። የበላት ነገር ጠላት መሆኑን አታውቅማ!»

የዕቃ ቤቱ ጸጥታ ትዝ አለኝ። «ጋሼ፣ ቅርጫቱን ምን አደረግከው?»

ነፋሱ ድምፁን እየቆራረጠው መለሰልኝ።

«ድንኳን ውስጥ ስከፍተው አንድ ነገር እጄ ላይ ሮጠ» አለ። «ጥላ ነው ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ዛሬ ለኃላፊው ነገርኩት። አይጧ ወልዳለች፤ አሁን በየጉድጓዱ ነው የሚራቡት። እማዬ ግን እንዳትሰማ፤ ማይልኝ!»

ማልኩለት። የክረምቱ ማዕበል ሳይመጣ ሌሎቹ በመጨረሻው ጀልባ ሊመለሱ ነው፤ እሱ ግን ወጥመዱን ይዞ ብቻውን ሊቀር ነው። ለመንኩት፣ ጮህኩበት። ብትታመም ማን ይደርስልሃል አልኩት። «ያስገባሁት እኔ ነኝ» ከማለት በቀር መልስ የለውም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

እማዬ ከዕቃ ቤት ወጥታ ስልኩን ተቀበለችኝ።

«ዳቦውን በላኸው የኔ ጌታ?»

«በላሁት እማዬ። ፍርፋሪ አላስቀረሁም።»

«እሰይ፣ ደግ አደረግህ።»

ሌሎቹን የሚያመጣው ጀልባ ከዚህ ሊነሳ ሲል፣ እማዬ ሌላ ቅርጫት ታዘጋጃለች ብዬ የምከለክልበትን ሰበብ አጥንቼ ጠበቅሁ። አላዘጋጀችም። ሰው ከቤቷ ባዶ እጁን አስወጥታ የማታውቅ ሴት፣ ለልጇ አንዲት ብስኩት አላሰረችም። ያኔ ነው በእውነት የፈራሁት።

ዕቃ ቤት ገባሁ። ሳጥኗ ላይ ተቀምጣለች።

«እማዬ፣ ጀልባው ሊሄድ ነው። ለጋሼ ምንም አትልኪም?»

«አልልክም። ዝም በይና አዳምጪ።»

«ምኑን?»

«ወደ ወደቡ ስንሄድ፣ መኪና ውስጥ፣ ቅርጫቱ ጭኔ ላይ ተንኮሻኮሸ። ወረቀቱ ነው አልኩ።» ጆሮዋን ወደ ከረጢቶቹ አዘነበለች። «እዚህ የምውለው ያቺ አይጥ እዚሁ እንዳለች ልሰማት ብዬ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ብትቆረጥም!»

እውነቱን ልነግራት ስል የማልኩት መሐላ ያዘኝ።

«በላሁት ሲለኝ ውሸቱን አውቄዋለሁ» አለች። «ማወቄን እንዳትነግሪው። ብቻውን ነው፣ ይሰበርብኛል።»

አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ እጇን ያዝኳት፤ አብረን አዳመጥን። ድመቷ መጥታ እግሬ ላይ ተኛች። ሌላ ምንም አልተሰማም።