በጄሶው ዝሆን ሆድ ሥር

ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ ወደ ሸዋ ሮቢት ስመለስ፣ አውቶቡሱ ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ሲገባ ሳቄ መጣ። ለእኔ ያ ዋሻ ሁልጊዜም የዝሆን ሆድ ሥር ነው።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ለትምህርት ቤታችን ኤግዚቢሽን የጣርማ በርን ተራራ ከነዋሻው በሞዴል እንድሠራ ታዘዝኩ። እኔ ደግሞ በማሽላና በማንጎ ያደግኩ የቆላ ልጅ ነኝ፤ ተራራውን ከሩቅ እንጂ ከቅርብ አይቼው አላውቅም። በጭቃ ብሞክረው እየደረቀ ተሰነጣጠቀብኝ።

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ የጣርማ በር ሰው ነበሩ። ሾፌር የነበሩት ባላቸው ከመሞታቸው በፊት ከአሰብ ያመጡላቸው የጄሶ ዝሆን ቡፌያቸው ላይ ይቆም ነበር። ኩምቢው ከተሰበረ ቆይቷል፤ ጀርባው ግን ጉብ ያለ ነው፣ በእግሮቹ መሃልም መኪና የሚያሳልፍ የሚመስል ክፍተት አለው። ዓይኔ እሱ ላይ መቅረቱን አይተው ሳልለምናቸው አወረዱልኝ።

"ባሌም ያን ዋሻ ሲመላለስበት ነው የኖረው" አሉ። "ውሰጂው።"

ዝሆኑን በጋዜጣና በዱቄት ሙጫ ሸፍኜ፣ ጤፍና ክክ ማሽላ ነስንሼበት ፀሐይ ላይ አወጣሁት። ቁርጥ የእኛን አገር የቀወትን ኮረብታ መሰለ፤ እኔም ኮራሁ። ምሳዬን በልቼ ስወጣ የእናቴ ዶሮዎች ተራራውን ለቅመው ጨርሰውታል። ወረቀቱ ከአናቱ ተቦጫጭቆ ነጩ ጄሶ አፍጥጧል። የሟች ማስታወሻ አበላሽቼ፣ ነገ ደግሞ ባዶ እጄን ልቀርብ ነው ብዬ አለቀስኩ።

እትዬ አስካለ ለቅሶዬን ሰምተው መጡ። ይቆጡኛል ስል ጎንበስ ብለው የተገለጠውን ነጭ ጄሶ አዩት። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ወደ አገራቸው ወደ ጣርማ በር ወጥተው አያውቁም ነበር።

"አሁን እለጥፍበታለሁ፣ እትዬ" አልኳቸው።

"አትንኪው" አሉኝ። "ጠዋት ጠዋት ጉሙ እንዲህ ነው የሚተኛበት። እናቴ ደጅ የቆምኩ መሰለኝ።"

በማግስቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ኤግዚቢሽኑ ላይ ተገኙ። ስለ ጉሙ ለሚጠይቅ ሁሉ የሚያስረዱት እሳቸው ነበሩ። ዶሮዎቹን ሁለታችንም አላነሳንም።

ዛሬ እኔም ባል የሞተብኝ ሴት ነኝ። የእጅ ሰዓቱን ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም፤ እትዬ አስካለ ያን ቀን ምን እንደሰጡኝ የገባኝ አሁን ነው። አላህ ጀዛቸውን ይክፈላቸው።

ከዋሻው ስንወጣ ጉሙ መንገዱን ሞልቶት ነበር። አጠገቤ የተቀመጠችው ወጣት፣ ብርድ እንዳይመታኝ ብላ፣ መስኮቱን ልዝጋው ወይ አለችኝ።

"ተይው ልጄ፣ ጉሙ ትንሽ ይግባ" አልኳት።