ከአምቦ ወደ ኤምባሲው መስኮት፣ ከመስኮቱ ወደ ሸነን

ከአምቦ የተነሳሁት ሰኞ ጠዋት ነው። አባቴ ሱቁን ሳይከፍት መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። ገበያው አጠገብ ጨርቅ የሚሸጥ የስልጤ ነጋዴ ነው፤ ለዒድ ካልሆነ በቀር ሱቅ ዘግቶ አያውቅምና ይህ ለእኔ ትልቅ ክብር ነበር። የጉዞዬን ምክንያት እሱ ራሱ ለደንበኛ ሁሉ ሲያወራው ሰንብቷል። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ሥራ ስፈልግ ከቆየሁ በኋላ ባሕር ማዶ ካሉት ኤምባሲዎቻችን በአንዱ ለጥቂት ወራት በተለማማጅነት እንድሠራ ተመረጥኩ። የተመረጥኩት አማርኛና ኦሮምኛ ስለምናገር፣ ከመድረሳ የለቀምኳት ዐረብኛም ስለነበረችኝ ነው። አባቴ ግን ‹‹ሰሚራ አምባሳደር ልትሆን ነው›› እያለ ነው ያወራው።

አንባቢ ከወዲሁ ይወቅልኝ፣ የከተማዋን ስም አልጽፍም። የባለጉዳይን ነገር ወደ ውጭ ላላወጣ ቃል ገብቻለሁ። ባሕር ጠረፍ ላይ ያለች፣ ዐረብኛ የሚነገርባት፣ ሙቀቷ የሚያንገበግብ ከተማ ናት።

ጊንጪ ስንደርስ ሚኒባሱ ቆመና ሴቶች የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ይዘው መስኮቱን ከበቡት። ከከተማው ወዲያ የጭልሞ ደን ጠቁሮ ይታያል። ስንትና ስንት ጊዜ ያለፍኩበት መንገድ ነው፤ የዚያን ቀን ግን እያንዳንዱን ዛፍ የምሰናበት መሰለኝና ድንቹን እየበላሁ አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ሚጥሚጣው ነው ብለው ውሃ ሰጡኝ። ሻንጣዬ ውስጥ እናቴ የሞላችው በሶና በርበሬ አለ፤ አባቴ ደግሞ አንድ ጠርሙስ የአምቦ ውሃ በሹራቤ ጠቅልሎ ከቶልኛል። ‹‹የከፋሽ ቀን ትከፍቺዋለሽ›› ብሎኛል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ከአውሮፕላን ማረፊያ ስወጣ ለታክሲ ሹፌሩ መድረሳ የተማርኩትን ዐረብኛ አሳምሬ አቀረብኩለት። ሰውየው መኪናውን ዳር አስይዞ ሳቀ። የእኔ ቋንቋ የመጽሐፍ ነበር፤ እንደዚያ የሚናገር ሰው ከተማው ውስጥ ለዘመናት አልታየም መሰለኝ። ሰፈሩን ግን አላጣውም፤ እየሳቀ አደረሰኝ።

የተከራየሁት ክፍል ፎቅ ጣራ ላይ ነው። ማቀዝቀዣው እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል፤ ሲያጠፉት ደግሞ ሙቀቱ አያስተኛም። ጠዋት ጠዋት ሥር ካለችው ሱቅ ፉልና ትኩስ ዳቦ እገዛለሁ። አንዲት ስኒ ሻይ አምቦ ላይ ምሳ በምበላበት ዋጋ መሆኗን ካወቅሁ በኋላ ሻዬን ቤቴ ማፍላት ጀመርኩ። እሑድ ሥራ ይገባል፤ ይህን መልመድ ከሙቀቱ ይልቅ ከበደኝ።

የተመደብኩት የቆንስላ ክፍሉ መስኮት ላይ ነው። ኃላፊው አቶ ጌታሁን ረጋ ያሉ፣ ቀልድ የሚወዱ፣ በወረቀት ግን የማይቀልዱ ሰው ናቸው። የእኔ ሥራ ባለጉዳይ ተቀብሎ ማስገባት፣ አማርኛ ለማይችል ማስተርጎም፣ ፋይል ማመላለስ ነበር። ከወለጋና ከሸዋ የመጣ ሰው መስኮቱ ላይ ሲቆም እንዳደግኩበት ነው ሰላም የምለው። ‹‹አካም ጅርታ?›› ብዬ እጀምርና የቤተሰቡን ጤና፣ የአገሩን ዝናብ፣ ‹‹ሎን ፈያዳ?›› ብዬ የከብቱን ደህንነት ሳልጠይቅ አላቆምም።

አንድ ቀን አቶ ጌታሁን ከኋላዬ መጥተው ‹‹ሰሚራ፣ ከብቶቹ ደህና ናቸው። ሰልፉን እይው›› አሉኝ። ቀና ብዬ ባይ ሰልፉ ከበር አልፎ ፀሐይ ላይ ወጥቷል። አፈርኩ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታዬን አሳጠርኩ፤ ደስ ግን አላለኝም።

የሸነኗ ሴት

ሥራውን እየለመድኩ ሳለሁ ነው የሸነኗ ሴት የመጣችው። በቤት ሠራተኝነት ሄዳ አሠሪዎቿ ፓስፖርቷን ይዘውባት ጥላ የወጣች፣ መጠለያ ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር የምትኖር ናት። የፈለገችው ሊሴ ፓሴ ነው፤ ፓስፖርት የሌለው ሰው ወደ አገሩ የሚገባበት ወረቀት። ሸነን፣ የጅባት ወረዳ ከተማ፣ ከእኛ አምቦ ብዙ አይርቅም። የአገሬን ሰው በማግኘቴ ደስ አለኝ፤ እሷ ግን ለደስታ ጊዜ አልነበራትም። ባሏ ሞቷል። ሴት ልጇን ገና አፏን ሳትፈታ ለባሏ አባት ትታ ነው የወጣችው።

‹‹መልኬን ረስታዋለች›› አለችኝ በኦሮምኛ። ‹‹አሁንም ከቆየሁ እናት እንዳላትም ትረሳለች።››

ወረቀት የሌለው ሰው ኢትዮጵያዊነቱ የሚጣራው በጥያቄ ነው። ሌላ አገር ተወልዶ በእኛ ስም የሚመጣ፣ በደላላ የተጠና ታሪክ ይዞ የሚቀርብም አለና አቶ ጌታሁን መጠንቀቃቸው አይፈረድባቸውም። እሳቸው ይጠይቃሉ፣ እኔ አስተረጉማለሁ። የአባቷን፣ የእናቷን፣ የወንድሞቿን ስም ሳትንተባተብ ተናገረች። ቀበሌዋን፣ ገበያው የሚቆምበትን ቀን፣ ወደ ቤቷ የሚወስደውን መንገድ ሁሉ ነገረችን።

‹‹ልጅሽ ከማን ጋር ናት?››

‹‹ከአያቷ ጋር።››

‹‹ስማቸው ማን ነው?››

ዝም አለች።

‹‹የባልሽ አባት አይደሉም? ስማቸው ማን ነው?››

የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። ለሦስተኛ ጊዜ ስትጠየቅ አንገቷን ደፍታ ‹‹ጃርሳ›› ብቻ አለች፤ ሽማግሌው ማለቷ ነው። አቶ ጌታሁን እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

‹‹ልጇን አደራ የሰጠችውን ሰው ስም የማታውቅ እናት አለች? ሰው ያስጠናት ትመስላለች። ጉዳዩ ለጊዜው ይቆይ።››

‹‹ይቆይ›› ማለት ወራት ማለት ነው። ይህንንም አስተርጉሚ ተብዬ አስተረጎምኩ። ሴትዮዋ ሻሿን አስተካክላ ወጣች።

እኔ ግን ነገሩ ገብቶኛል። አባቴ ሱቅ ከገጠር የሚመጡ ሴቶች የባላቸውን አባትና እናት ስም አይጠሩም፤ ለጉ ይሉታል፣ ትልቅ አክብሮት ነው። ስሙን ብቻ ሳይሆን ስሙን የሚመስል ቃልም የሚተዉ አሉ። አማቷ ኦቦ ለማ የሚባሉ አንዲት ደንበኛችን፣ ስማቸው በኦሮምኛ ‹ሁለት› ከሚለው ቃል ጋር ስለሚቀራረብባት፣ ሁለት ሜትር ጨርቅ ስትፈልግ ‹‹አንድ ሜትር፣ አሁንም አንድ ሜትር›› ትላለች። አባቴም አንድም ቀን ሳይስቅ ይለካላታል።

አስተርጓሚ የራሷን አትጨምርም ተብያለሁ። ተለማማጅም ነኝ፤ ስለ እኔ የሥራ ምስክርነት የሚጽፉት ደግሞ አቶ ጌታሁን ናቸው። ቢሆንም ቢሯቸውን አንኳኩቼ ገባሁና ነገርኳቸው።

አዳምጠው ሲጨርሱ ‹‹ባህሉ እውነት ይሆናል›› አሉ። ‹‹ግን አንቺው ንገሪኝ፣ ዝም አለች ብዬ ማስረጃ ልጻፍ?››

‹‹እሷ ካልጠራች ሽማግሌው ራሳቸው ይጥሩት›› አልኩ። ‹‹አባቴ ሸነን ደንበኛ ነጋዴ አለው። ፈልጎ ስልክ ላይ ያቀርባቸዋል።››

‹‹ሞክሪ›› አሉኝ።

ስልኩ

በማግስቱ የሸነኑ ነጋዴ ሱቅ ውስጥ ሽማግሌው ስልክ ይዘው ተቀመጡ። ሴትዮዋም ተጠርታ መጥታለች። አቶ ጌታሁን ድምፁን ከፍ አድርገው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። የሽማግሌው ድምፅ ሲሰማ ሴትዮዋ፣ በር የገቡ ይመስል፣ ብድግ ብላ ቆመች።

ስማቸውን ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው ተናገሩ። የልጃቸው ሚስት ማን እንደምትባል፣ ልጅቷ መቼ እንደተወለደች፣ ቤታቸው የት እንደሆነ ተጠየቁ፤ ሁሉም ገጠመ። አቶ ጌታሁን ግን አሁንም እስክሪብቷቸውን አላነሱም።

‹‹አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ስምዎን ብንጠይቃት አልናገርም አለችን። ለምን ይመስልዎታል?››

አስተረጎምኩ። ከዚያ ሽማግሌው ሳቁ፤ ሳቃቸው ወደ ሳል እስኪለወጥ ድረስ ሳቁ።

‹‹እዚያ ድረስ ሄዳም? የአገሯ ሰው በማያይበት?›› አሉ። ‹‹እንግዲያ ጥርጥር የለውም፣ እሷ ናት። ስሜን ብትጠራላችሁ ኖሮ ነው እኔም የምጠራጠረው።››

አቶ ጌታሁን እኔን አዩ፣ ሴትዮዋን አዩ፣ መጨረሻ ላይ እሳቸውም ሳቁና ጻፉ። ወረዳውም ሲጠየቅ ያንኑ አረጋገጠ፤ ሊሴ ፓሴዋም ተሰጣት። የዚያን ዕለት የአባቴን የአምቦ ውሃ ለሦስታችን በሻይ ብርጭቆ ቀዳሁት። የከፋኝ ቀን እንድከፍተው ነበር የተሰጠኝ፤ የከፈትኩት ግን እንደዚያ ደስ ባለኝ ቀን ነው። ጋዙ አፍንጫዋን ሲነካው ሴትዮዋ እያለቀሰች ሳቀች።

መልስ ጉዞ

ጊዜዬ ሲያልቅ አቶ ጌታሁን ጥሩ ምስክርነት ጽፈው ሸኙኝ። ‹‹ሰላምታሽን ብዙ አታሳጥሪ›› የምትል ምክርም መረቁልኝ። አዲስ አበባ አድሬ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪ አድርጌ አምቦ ገባሁ። አንድ ቀን አርፌ ደግሞ ወደ ሸነን ተነሳሁ። ከጉደር ተገንጥለን በጥቁር እንጭኒ በኩል ስንወጣ አየሩ ቀዘቀዘ፣ እንሰቱና የገብስ ማሳው በዝናብ ታጥቦ ያበራል። ከዚያ ሙቀት ለመጣ ሰው ያ ብርድ ድግስ ነው።

ከእኔ ቀድማ አገሯ የገባችው የሸነኗ ሴት ከቤቷ ደጅ ወርዳ ተቀበለችኝ። ሽማግሌው ‹‹ኢንተላ ኮ››፣ ልጄ፣ ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ወተትና ቂጣ ቀረበልን። ትንሿ ልጅ እናቷ ጭን ላይ ተቀምጣ ቀለበቴን ትነካካለች። ከመጣሁ ጀምሮ የሚያስጨንቀኝን ጥያቄ ወረወርኩት።

‹‹አወቀችሽ?››

‹‹ፈርቼ ነበር›› አለች ሴትዮዋ። ‹‹በሩ ላይ ቆምኩ። አየችኝና ጠራችኝ። እናቴ አይደለም ያለችኝ፣ በስሜ ነው የጠራችኝ።››

ሽማግሌውን አየኋቸው። የወተቱን ዋንጫ በሁለት እጃቸው ይዘው መሬት መሬት ያያሉ።

‹‹ማታ ማታ እጠራላት ነበር›› አሉ። ‹‹እሷ ስለ ክብሬ ስሜን አትጠራም። እኔ የእሷን ሳልጠራ ብቀር ለልጇ ምን ይቀራት ነበር?››

እንባዬን መያዝ አልቻልኩም፤ ያን ጊዜ የማሳብብበት ሚጥሚጣም አልነበረም።

ወደ አምቦ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ያንኑ ሳስብ መጣሁ። ከመሄዴ በፊት፣ ዝም የሚል ሰው የሚደብቀው ነገር አለው እል ነበር። ለካ የሚጠብቀው ነገር ያለውም ሰው ዝም ይላል። የመስኮት ሥራ ደግሞ ሁለቱን መለየት ነው። አሁን ለውጭ ጉዳይ ሥራ ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ ብቀጠር የምሠራው ይህንኑ ነው።

ሱቃችን ስደርስ ጎረቤታችን ጋሽ ከድር ወሬ ጠምቶት ተቀምጧል።

‹‹እስቲ ንገሪን፣ ያቺ ሴትዮ ማን ነው ስሟ? የነበርሽበት ከተማስ?››

ፈገግ ብዬ ዝም አልኩ። አባቴ ጨርቅ ከሚለካበት ቀና ሳይል መለሰልኝ።

‹‹ተዋት ከድር። ለጉ ይዟታል።››