ባሕርን ሳታይ የጻፈችው

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ አንድ መጽሐፍ ወደድኩ። ማን እንደጻፈው ግን አላውቅም ነበር። መጽሐፉ ጎንደር ፒያሳ አጠገብ ባለ ቤተ መጻሕፍት፣ መስኮቱ ሥር ባለው መደርደሪያ የታችኛው ረድፍ ላይ ነበር የሚቀመጠው። ሽፋን የለውም፤ የመጀመሪያዎቹ አራት ገጾችም የሉትም። አንድ ደግ ሰው በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ሸፍኖት፣ ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «ልብ ወለድ» ብሎ ጽፎበታል።

ታሪኩ በአንዲት ትንሽ ደሴት ላይ ለመርከቦች መብራት ስለምታበራ ሴት ነው። ባሏ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ በዚያው ቀርቷል። እሷ ግን ሥራዋን አልተወችም፤ ለማያውቋት መርከበኞች መንገድ ታሳያለች። እኔ የደጋ ልጅ ነኝ። ሰፊ ውሃ ያየሁት ጣናን ብቻ ነበር፣ እሱንም በእንፍራንዝ በኩል ሳልፍ ከአውቶቡስ መስኮት። ያን መጽሐፍ ሳነብ ግን ከንፈሬ ላይ ጨው ይሰማኝ ነበር። ክረምት ላይ ጉሙ ወርዶ የግንቡን አናት ሲውጠው፣ ከተማችን መልሕቋን ነቅላ ቀስ እያለች የምትሄድ ይመስለኝ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ በዚያ ጉም ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ እራመዳለሁ። ሁለት ጊዜ ከመብራት ምሰሶ ጋር ተጋጭቻለሁ።

ጸሐፊውን በሐሳቤ ሠርቼው ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጺሙን ያሳደገ ሰው ነው። ሸሚዙን ነፋስ እየነፋው ጠረፍ ላይ ይቆማል፤ ሰው አያናግርም። አንዳንዴ በሕልሜ እየመጣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ይቆም ነበር።

በመጽሐፉ ኅዳግ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፉ ቃላትም ነበሩ። አንድ ቦታ «ይህ ልክ ነው» ይላል። ሌላ ቦታ «ዓሣው እንዲህ አይሸትም» ይላል። ስለ መብራቱ በሚያወራው ገጽ ላይ ደግሞ «እኔ የነገርኳት እንዲህ አልነበረም። የእሷ ይበልጣል» ይላል። አንድ ልቡን የነካው አንባቢ ከታሪኩ ሴት ጋር እያወራ ነው ብዬ አለፍኩት። እኔም ብቻዬን ስሆን አናግራት ስለነበር አልገረመኝም።

ዓመታት አለፉ። ተምሬ ተመልሼ እዚያው ቤተ መጻሕፍት ተቀጠርኩ። ሥራዬ መጻሕፍት መመዝገብና የተቀደዱትን መጠገን ነው። አንድ ቀን ያንን መጽሐፍ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ በመርፌና በክር ስሰፋው፣ ለሥልጠና ከደባርቅ የመጣ አንድ መምህር አጠገቤ ቆመ። ጎንበስ ብሎ ጥቂት መስመሮች አነበበና፦

«ምነው ይህ እዚህ ተገኘ?» አለኝ።

«ያውቁታል?»

«አንብቤው አላውቅም። ታሪኩን ግን በቃል አውቀዋለሁ። እናቴ አዲ አርቃይ ክሊኒክ ጽዳት ነበረች። ልጆች ሳለን ይህችን ባለ መብራት ሴት ስትተርክልን ነው ያደግነው። ‹የእኛ ጤና ረዳት ናት የጻፈችው› ትለን ነበር።»

ከመጽሐፉ ቀና አልኩ። «ሴት ናት?»

«ሴት ናት። አሁንማ አሮጊት ናቸው። ደባርቅ፣ ከገበያው ኋላ ይኖራሉ።»

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ መጽሐፉን በቦርሳዬ ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ዳባትን ስናልፍ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባ ጀመር። ጺማሙ ሰውዬ ከእነ ሸሚዙ ቀስ በቀስ ከሐሳቤ ሲወጣ ይሰማኝ ነበር። በእሱ ቦታ ማንን እንደማስቀምጥ አላወቅሁም።

ቤቱን ገበያተኛው ሁሉ ያውቀዋል። «መርፌ ወጊዋን ነው የምትፈልጊያቸው?» እያሉ አሳዩኝ። ደጃፉ ላይ አንዲት ትንሽ ሴትዮ ነጠላቸውን ከሹራብ በላይ ደርበው፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ድንች ይልጣሉ። ሰላምታ ሰጥቼ መጽሐፉን አወጣሁ። አዩት፤ እጃቸውን ግን አልዘረጉም።

«እትዬ፣ ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት አሉኝ።»

«እኔ መጽሐፍ አልጻፍኩም፣ ልጄ። ሰው ተሳስቷል።»

ያን ሁሉ መንገድ መጥቼ ዝም ብዬ መመለስም ከበደኝ። «እንግዲያው ላንብብልዎት?» አልኳቸው። መለሱልኝም አልመለሱልኝም፣ በርጩማ ስቤ ከተረፈው ገጽ፣ ከአምስተኛው ጀመርኩ። እሳቸው ይልጣሉ፤ እኔ አነባለሁ። አንድ ገጽ ያህል እንደሄድኩ ቢላዋቸው ቆመ።

«እንዲህ አይደለም የሚጀምረው» አሉ።

ቀና ብለው ወደ ደጁ እያዩ የጠፉትን ገጾች በቃላቸው ይሉልኝ ገቡ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ አይቸኩሉም። ሴትዮዋ ወደ ደሴቷ የመጣችበትን ቀን፣ ጀልባዋን፣ ስታለቅስ ያየቻትን ወፍ ሁሉ ሰማሁ። ያን መጽሐፍ ከሃያ ጊዜ በላይ አንብቤዋለሁ፤ መጀመሪያውን የሰማሁት ግን ያኔ፣ ድንች ልጣጭ አጠገብ ተቀምጬ ነው። አምስተኛው ገጽ ጋ ሲደርሱ አቆሙ። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና «ይኸው፣ ከዚህ ነው ያንቺ የሚቀጥል» አሉኝ።

ያን ቀን ከእሳቸው ዘንድ አደርኩ። ታሪካቸውንም ነገሩኝ።

የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ ነው ለአዲ አርቃይ ክሊኒክ የተመደቡት። ቆላ ነው፤ ወባው ሰው ያጭዳል። አንድ ክረምት ሊማሊሞ ላይ መሬቱ ተንዶ መንገዱ ተዘጋ። ከምጽዋ ጨው ጭኖ የመጣ አንድ የኤንትሬ ጭነት መኪና ሾፌር እዚያው ወባ ያዘው። ሦስት ሳምንት ተኛ።

«ትኩሳቱ ሲወጣበት ስለ ባሕር ይቀባጥራል» አሉኝ። «ሲሻለው ደግሞ እኔ እጠይቀዋለሁ። ‹ኧረ አያ ሾፌር፣ ውሃው መጨረሻው የት ነው?› እለዋለሁ። ‹መጨረሻ የለውም› ይለኛል። ‹እሱማ አይሆንም፤ መጨረሻ የሌለው ነገር የለም› እለዋለሁ። ይስቃል። አንዲት ደሴት ላይ መብራት እንዳለ የነገረኝ እሱ ነው። ‹ማነው የሚያበራው?› ስለው ‹አላውቅም፣ ሰው አይቼበት አላውቅም› አለኝ። እኔ ታዲያ ሰው ካልገባበት እንዴት ይበራል ብዬ ሴትዮዋን አስገባኋት።»

«ለእሱ ነገሩት?»

«ምኑን? መንገዱ ተከፈተ፤ ማኪናውን አስነስቶ ሄደ። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ‹ደህና ሁኚ፣ ዳንሽ እንግዲህ ከእኔ ወሬ› አለኝ። በቃ። እኔ መጻፍ የጀመርኩት እሱ በሄደ ማግሥት ነው። ክረምቱን ሙሉ በታካሚ ካርድ ጀርባ ላይ ጻፍኩ።»

ጽሑፉን አዲስ አበባ የሚማር ወንድማቸው ወሰደው። የክሊኒክ ልጅ የፍቅር ታሪክ ጻፈች እንዳይባል፣ በሌለ ወንድ ስም አሳተመው። ጥቂት ቅጂ ብቻ ተሸጠ። የቀረው በካርቶን ወንድማቸው አልጋ ሥር ሆነ። ጊዜው ሲከፋና ወረቀት ያለበት ቤት ሁሉ ሲፈተሽ፣ ወንድማቸው ፈርቶ ካርቶኑን እንዳለ አቃጠለው። ከዚያ በኋላ እሳቸውም አልጻፉም።

«ማን ያነበዋል ብዬ?» አሉ። «አንድ ሰው እንኳ አነበብኩት ብሎኝ አያውቅም። ሕልም ያየሁት ነው የሚመስለኝ። ሰው ሕልሙን አልጻፍኩም ቢል ውሸት ነው?»

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ገደሉ አፋፍ ይዘውኝ ሄዱ። ደመናው ከእግራችን በታች ተኝቷል። የተራሮቹ አናት ብቻ እዚህም እዚያም ብቅ ብሏል። ነፋሱ ሲነካው ነጩ ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ወደ ገደሉ ይጠጋል፣ ይመለሳል። በምን ላይ እንደቆምኩ እስኪጠፋኝ ድረስ ራሴ ቀለለኝ።

«አዲ አርቃይ ከዚህ ሥር ነው» አሉኝ በበትራቸው ወደ ደመናው እየጠቆሙ። «እታች ሆኜ የጻፍኩትን፣ እዚህ ተዛውሬ ስመጣ አየሁት። ሸጋ ነው አይደል?»

ያኔ ነው መጽሐፉን ከእጄ የወሰዱት። ቋጥኝ ላይ ተቀምጠው መነጽራቸውን አድርገው ይገልጡት ጀመር። ጥቂት ቆይቶ «ይህን የሞነጫጨረው ማነው?» አሉኝ፤ ስለ ሰማያዊው እስክሪብቶ ነው። አላውቅም አልኳቸው። አንዱን አነበቡ፤ ሌላውን አነበቡ። መብራቱ ጋ ሲደርሱ ጣታቸውን መስመሩ ላይ አኑረው ቀሩ።

«እኔ የነገርኳት እንዲህ አልነበረም» ብለው ድምፃቸውን አውጥተው አነበቡት። «የእሷ ይበልጣል።»

ለእኔም ያኔ ገባኝ። በሌላ ሰው ስም ቢታተምም፣ ሾፌሩ የራሱን ባሕር አውቆታል። ማን እንደጻፈችውም አውቋል።

እትዬ አላለቀሱም። መጽሐፉን ዘግተው ደረታቸው ላይ ያዙት፤ ደመናው እስኪበታተን ድረስም ከቋጥኙ አልተነሡም። ስንመለስ መንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «በሕይወት ይኖር እንደሆነ ታጣሪልኛለሽ?»

ጎንደር ስገባ በመጀመሪያ ያደረግሁት የስጦታ መዝገቡን ማውጣት ነው። መጽሐፉ ከአዘዞ፣ ከአንድ ቤተሰብ የመጣ እንደሆነ ተጽፏል። አዘዞ ወርጄ ሰፈሩን እየጠየቅሁ፣ የመኪና መለዋወጫ የምትሸጥ አንዲት ሴት ዘንድ ደረስኩ። የሾፌሩ ልጅ ናት። አባቷ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል።

«አባቴ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው አልነበረም» አለችኝ እጇን በጨርቅ እየጠረገች። «ያን አንዱን ብቻ ነበር የሚያነበው። ጭነት ሲሄድ ከአዟሪ ላይ ገዝቶት ነው። ‹ይህን ያስጻፍኩት እኔ ነኝ› ይለን ነበር፤ እንስቅበታለን። እናቴማ ‹ፊርማህን እንኳ በስንት መከራ ነው የምትፈርም› ትለው ነበር።»

«ሴትዮዋን ፈልጓት ያውቃል?»

«አንድ ጊዜ አዲ አርቃይ ላይ ማኪናውን አቁሞ ጠይቆ ነበር። ተዛውራለች አሉት። ወዴት እንደሆነ የሚነግረው ሰው አላገኘም። እና... እውነቱን ነበር ማለት ነው?»

«እውነቱን ነበር» አልኳት። ባንኮኒው ላይ ተደግፋ አንዴ ሳቀች፤ ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ። እሱ የሞተው ማንም ሳያምነው ነው።

ይህን ይዤ ወደ ደባርቅ ለመውጣት ወር ተኩል ፈጀብኝ። መንገዱ በጸጥታ ችግር ምክንያት ተዘግቶ ነበር፤ ስልክም አይሠራም። ስከፋ የማደርገው ስላጣሁ ስለ ሁለቱ አስብ ነበር። ጎንደርና ደባርቅ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይደለም። እሱ ጭነት ይዞ በሰፈራቸው በር ስንት ጊዜ አልፏል! እሳቸው የመኪናውን ጥሩምባ ሰምተው ይሆናል። ተነሥተው በሩን ግን አልከፈቱም፤ ምን ብለው ይከፍታሉ?

በመጨረሻ ደርሼ ስነግራቸው፣ የሞቱን ዜና አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። «ነፍስ ይማር» አሉ። «ያኔ ያዳንኩት እኔ ነበርኩ፤ ሲሞት ግን አጠገቡ አልነበርኩም።» ከዚያ ደግሞ፣ ከልባቸው እንደተቀየመ ሰው፣ «ዓሣው እንዲህ አይሸትም ያለውስ? ታዲያ እንዴት እንደሚሸት ለልጁ አልነገራትም?» አሉኝ። አልነገራትም አልኳቸው። «እንግዲህ የሚጠየቅ ሰው ይገኛል» አሉ።

መጽሐፉ የቤተ መጻሕፍቱ ንብረት ስለሆነ ልሰጣቸው አልቻልኩም። ነገሩን ለኃላፊዬ አጫወትኳቸው። ቆጣ የሚሉ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ግን አዲስ የአንባቢ መታወቂያ ከመሳቢያቸው አውጥተው «የጻፈው ሰው እስከፈለገው ጊዜ መዋስ ይችላል» አሉኝ። መታወቂያውን ስወስድላቸው እትዬ ፎቶግራፋቸውን እያዩ ብዙ ሳቁ።

የደባርቁ መምህር ደግሞ ጽሑፉን ከተማሪዎቹ ጋር ተካፍሎ በኮምፒውተር ጻፈው። የጠፉትን አራት ገጾች እሳቸው በቃል እየነገሩ፣ እኔ ጻፍኩ። ያቺ የዓሣ መስመርም ተስተካከለች፤ ምጽዋ የኖሩ አንድ አዛውንት መነኩሴ ተገኝተው ሽታውን አስረድተዋቸዋል። በዚህ ዓመት ጎንደር ውስጥ ጥቂት ቅጂ አሳተምን፤ ሽፋኑ ላይ የራሳቸው ስም አለ። የመጀመሪያውን ቅጂ አዘዞ ወስጄ ለሾፌሩ ልጅ ሰጠሁ። በቅባት የተነካ እጇን ከክንዷ እስከ ጣቷ ታጥባ ነው የተቀበለችኝ።

ባለፈው ሳምንት ለእትዬ ደውዬ ነበር። ስልኩን ያነሣችው ጎረቤታቸው ናት። እትዬን አቅርቢልኝ ብላት እምቢ አለችኝ።

«ምነው፣ አመማቸው እንዴ?» አልኳት ደንግጬ።

«ኧረ ደህና ናቸው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ደብተር አስገዝተውኝ እየጻፉ ነው። ከቀትር በፊት ማንም እንዳይደውል ብለዋል።»