የየታ ልጅ

ገብስ ሲቆላ የሚሰማው ጠሽ ጠሽ የሚል ድምፅ ከየትኛውም ቤት ይምጣ፣ የታናሽ እኅቴ የብርቄ ጩኸት አብሮት ይሰማኛል። በጃንሆይ ዘመን፣ ታች ጋይንት ውስጥ ቀይ አፈር በምትባል መንደር፣ ክረምት ገብቶ ዝናቡ ከቤት ሲያግደን፣ እናታችን ምድጃው ዘንድ ገብስ ስትቆላ ብርቄ ቀሚሷን ይዛ «ቶሎ! ቶሎ!» እያለች ትወተውታት ነበር። እንግዳ የመጣ ሰው «ይህችን ልጅ ምን ያስቸኩላታል?» ሲል፣ ቆሎ ማለቷ እንደሆነ የምናውቀው እኛ እየተያየን እንስቅ ነበር።

አራት ዓመት ሆኗትም «ቀ» በአንደበቷ «ተ»፣ «ረ» ደግሞ «የ» ይሆንባት ነበር። ቄሱን «ቴስ»፣ ዶሮን «ዶዮ»፣ ራሷን «ብይቴ» ትል ነበር፤ የአባታችንን የረታን ስም ሲጠይቋት ደግሞ «የታ» ብላ ትመልሳለች። እኔም ብሆን አልሻልም ነበር፤ አያታችን ባረፉ ሰሞን «አቡነ ዘበሰማያት» ሲደገም «የሰማይ አያት» የሚባል እየመሰለኝ፣ በየጸሎቱ የሚጠሯቸው ከሆነማ ደኅና ቦታ ገብተዋል ብዬ እጽናና ነበር።

አባቴ ግን በብርቄ አንደበት አይስቁም ነበር። የመንደሩ ሰው «ምላሷ ታስሮ ይሆናል» ሲል እየሰሙ ሐሳብ ገብቷቸው፣ ጠበል አስጠምቀዋት፣ እኛንም «እንደሷ እየተናገራችሁ አታጃጅሏት፤ እንዲህ ሆና ብትቀር ማን ይሰማታል?» እያሉ ይቆጡን ነበር።

አዝመራው ተሰብስቦ አውድማው ከጸዳ በኋላ፣ በጥር፣ ባቄላ በአህያ ጭነን፣ ብርቄንም ይዘን፣ ከአባቴ ጋር አርብ ገበያ ሄድን። ገበያው መካከል አህያዋ ደንብራ ሁላችንም እሷን ለመያዝ ስንሯሯጥ ብርቄ ጠፋች። አባቴ ጋቢያቸው ከትከሻቸው ቢወድቅ እንኳ ሳያነሱት፣ ሕዝቡን እየገፉ «የማን ነሽ ቢሏትስ ምን ትላለች?» ይሉ ነበር።

ያገኟት እንስራ የሚሸጡ ሴት ነበሩ። ኋላ እየሳቁ እንደነገሩን፣ «የማን ልጅ ነሽ?» ቢሏት «የየታ» አለቻቸው።

«የት? የት ብዬ የምጠይቅሽስ እኔ ነኝ! አገርሽ ወዴት ነው?»

«ተይ አፈይ።»

ሴትዮዋ «ተይኝ» ያለቻቸው መስሏቸው «እሺ ትቻለሁ፣ አታልቅሽ» ብለው ዳቦ ሰጧት። ልጅቱ ግን ዳቦዋን እየገመጠች ያንኑ ደጋገመችው። በመጨረሻ ሴትዮዋ፣ ይህች ልጅ የምታውቀውን ነው የምትናገረው ብለው፣ ድምፀ ጎርናናውን ባላቸውን ድንጋይ ላይ አቁመው እንደ ቃሏ አስለፈፉት።

«ልጅ የጠፋችበት! አባቷ የታ፣ አገሯ ተይ አፈይ፣ ስሟ ብይቴ!»

ገበያተኛው ሳቀ። አባቴ «የሌላ አገር ሰው ነው» ብለው ሊያልፉ ሲሉ እጃቸውን ይዤ ጎተትኳቸው።

«አባዬ፣ የታ እኮ እርስዎ ነዎት!»

ቆም አሉ። ከዚያ ያ ኮስታራ ሰው፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል «የታ እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የታ!» እያሉ ሮጡ። ብርቄ እንዳየቻቸው ወደ ሴትዮዋ ዞር ብላ «ይኸው የታ» አለች፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው። ሴትዮዋም «ልጅዎ ስትነግረን ነው የዋለች፤ መስማት ያቃተን እኛው ነን» አሏቸው።

ከዚያ ወዲያ አባቴ አልተቆጡንም። በዐቢይ ጾም ከእርሻ ሲመለሱ ብርቄን አጠገባቸው አስቀምጠው ውሎዋን ሲያስወሯት፣ ቃሏን ሳያርሙ እስክትጨርስ ያዳምጧት ነበር። ፋሲካ አልፎ ግንቦት ሲገባ፣ አንድ ጠዋት «ረታ» ብላ አጥርታ ተናገረች። እናቴ እልል አለች፤ አባቴ «ጎሽ» ብለው በሬዎቻቸውን እየነዱ ሲወጡ፣ ደስ ያላቸውም አንድ ነገር የቀረባቸውም ይመስሉ ነበር።

ዛሬ ብርቄ መካነ ኢየሱስ ከተማ ከልጇ ጋር ትኖራለች። የልጅ ልጇ ሦስት ዓመት አልፎት ንግግሩ ገና አልጠራም። ድሮ ቢሆን ጎረቤቱ ሁሉ በፍርሃት ይንሾካሾክ ነበር፤ በዚያ ቤት ግን የሚፈራ የለም። ባለፈው ልጠይቃቸው ሄጄ፣ ሕፃኑ ፊታችን ቆሞ እጁን እያወናጨፈ አንድ ረጅም ወሬ አወራልን፤ አንዲት ቃል እንኳ አልገባችኝም። ብርቄ የምትለቅመውን ምስር አስቀመጠችና ወደ እሱ ዝቅ ብላ፣ «እሺ፣ ከዚያስ?» አለችው።