ግድግዳው ሲንኳኳ

ባለፈው ጥቅምት ደሴ ካለ አንድ ኮሌጅ ተማሪዎች ደወሉልኝ። የራሳቸውን ራዲዮ ጣቢያ ሊከፍቱ ነው፤ በደርግ ጊዜ ስለነበረው የተማሪዎች ራዲዮ እንድነግራቸው ይፈልጋሉ። ስሜን ማን እንደሰጣቸው እንጃ። ከማስተማሩ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሚፈልገኝ ሐኪም ብቻ ነበርና ደስ አለኝ። ነጭ ነጠላዬን ለብሼ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጣሁ። ደሴ እንደ ልማዷ በጉም ተሸፍና ጠበቀችኝ።

የተቀበለችኝ ሐያት የምትባል ፈጣን ልጅ ናት። ስቱዲዮውን አዲስ ቤት እንደሠራ ሰው እያዞረች አሳየችኝ። ግድግዳው በሙሉ ጥቁር ስፖንጅ ለብሷል። ወፍራሙን በር ስትዘጋው የኮሪደሩ ጫጫታ በአንዴ ጠፋ።

"መምህርት፣ እዚህ ውስጥ ቢጮኹ እንኳ ውጭ አይሰማም" አለችኝ በኩራት።

የበሩን እጀታ ያዝኩ። ልጅቷ ምን ታውቃለች፤ እሷ የምታወራው ስለ ድምፅ ጥራት ነው። ዛሬ አሞኛል፣ ነገ እመለሳለሁ ብያት እየተደናበርኩ ወጣሁ። ግቢው በር ላይ ቆሜ አየር ስስብ፣ ተቀበረ ያልኩት ጉድ ሁሉ ተነሥቶ ፊቴ ተደቀነ።

የእኛ ራዲዮ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ራዲዮ አልነበረም። አንድ አሮጌ አምፕሊፋየር፣ አንድ የሸክላ ማጫወቻ፣ አንድ ማይክራፎንና ደሴ በምንማርበት አዳሪ ትምህርት ቤት ውሃ ታንከር ላይ የተሰቀሉ ጥሩንባ መሳይ ድምፅ ማጉያዎች፣ በቃ። አንደኛው ድምፅ ማጉያ ወደ መኝታ ክፍሎቻችን ዞሯል፤ ሌላው ቁልቁል ገበያውን ያያል። እኛ ግን ራዲዮ ነው አልን። "ይሄማ ራዲዮ አይደለም" ያለን ሰው ከእኛ ጋር ተጣልቶ ነበር የሚለያየው።

የጀመረው ሰይድ ነው። ሰይድ የቢስቲማ ልጅ፣ አባቱ በሕፃንነቱ ሞተውበት እናቱ እማማ ዘሐራ ያሳደጉት አንድ ለእናቱ ነበር። ቀጭን፣ ኪሱ ሁሉ ሽቦ፣ ከሰው ይልቅ ከዕቃ ጋር ማውራት የሚቀለው ልጅ። የተጣለውን አምፕሊፋየር ከመጋዘን አውጥቶ ነፍስ የዘራበት እሱ ነው። እኔንም የመረጠኝ እሱ ነው። ምግብ ቤት ሰልፍ ላይ የቀደመኝን ጎረምሳ ልክ ልኩን ስነግረው ሰማና ጠጋ ብሎ፣ "ትርንጎ ነው አይደል ስምሽ? ላንቺ ድምፅ ማይክራፎን ባያስፈልግም ነይ" አለኝ። ጋዜጠኛ የሆንኩት እንዲህ ነው።

ጠዋት ጠዋት "ከጦሳ ተራራ ሥር የሚሰማው የተማሪዎች ድምፅ ነው" ብዬ እከፍትና ከትልቁ ራዲዮ ቀድተን የጻፍነውን ዜና አነባለሁ። ረቡዕ ጌታቸው የሚባል ተጫዋች ልጅ እንቆቅልሽ ይጠይቃል። መልሱን የሚናገረው በሳምንቱ ስለሆነ እስከዚያ ግቢው ሲጨቃጨቅ ይሰነብታል። ዓርብ ከጁምዓ መልስ መንዙማ፣ እሑድ ደግሞ በገና እናሰማ ነበር። ቅዳሜ የዘፈን ምርጫ ነው፤ "ይህ ዘፈን አንድ እግር ካልሲዬን ለሰረቀኝ ጓደኛዬ ይድረስልኝ" የሚል ጉድ ሁሉ ይመጣል። የገበያ ነጋዴዎች ሳይቀሩ ምርጫ ይልካሉ። ታረቀ የሚባል ጸጥተኛ የክፍላችን ልጅ ደግሞ አንድም ቅዳሜ አምልጦት አያውቅም፤ ሁልጊዜ የፍቅር ዘፈን ነው የሚመርጠው።

ምርጫው ሲያልቅ በጭነት መኪና ወደ ቤቴ፣ ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ሐረጎ ላይ ሹራቤን አወልቃለሁ፤ ቦርከና ወንዝ ጋ ስደርስ ሙቀቱ ይቀበለኛል። በማግስቱ ብርቱካንና ሸንኮራ ተሸክሜ እመለሳለሁ። ሰይድ ሸንኮራውን እየመጠጠ ሽቦ ስለሚፈታታ የስቱዲዮው ዕቃ ሁሉ እጅ ላይ ይጣበቅ ነበር። ደስተኞች ነበርን። ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል።

ከዚያ ያ ክረምት መጣ። የበለስ ወራት ነበር። አንድ ጠዋት ወደ ገበያ በሚያወርደው መንገድ ላይ፣ በለስ ከሚሸጡት ሴቶች ፊት ለፊት፣ የተረሸኑ ወጣቶች ተዘርግተው አገኘን። ደረታቸው ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ሴቶቹ ጎንበስ ብለው በለሳቸውን ይልጣሉ፤ ቀና ብሎ ማየትም፣ ማልቀስም ያስጠይቃላ። ሆጤ ሰፈር ውስጥ ልጇ የተገደለባት አንዲት ሴት የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ስታለቅስ በዓይኔ አይቻለሁ። የደርግ ወታደሮች መኝታ ክፍላችንን ሲፈትሹ ፍራሾቹን በሳንጃ ወጋጓቸው። አልጋ ሥር የተደበቀ ልጅ ነበርና ሳንጃው እሱንም አገኘው። እግሩን ይዘው ሲጎትቱት ደሙ እስከ ደረጃው ድረስ ተከተለው። ጌታቸውን ደግሞ ደጋን ከተማ አካባቢ፣ መንገድ ዳር ተጥሎ፣ ሾፌሮች አገኙት፤ ጭንቅላቱን በጥይት መትተውታል። የዚያን ሳምንት የጠየቀን እንቆቅልሽ መልሱ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ያ ጸጥተኛው ታረቀ ካድሬ ሆነ፤ ሽጉጥ ታጥቆ ጓድ ታረቀ ተባለ። ከስቱዲዮአችን ጎን ያለውን መጋዘን ለምርመራ ያዘው። በመሐላችን ያለው ግድግዳ ጣሪያው ጋ ያልደረሰ ቀጭን ጣውላ ነው። አንድ ቀን መጥቶ ለእኔና ለሰይድ ትእዛዝ ሰጠን፤ ግድግዳው ሲንኳኳ ሸክላ እናጫውታለን፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍተን። በራችን ላይም ባለጠመንጃ አቆመብን።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ግድግዳው በሽጉጥ እጀታ ተንኳኳ። የሰልፍ መዝሙር አስገባን። ሸክላው አልቆ እስክገለብጠው ባለችው ትንሽ ፋታ ከወዲያ በኩል የሰው ጩኸት መጣ። የሰው ልጅ እንዲያ መጮኽ እንደሚችል አላውቅም ነበር። ሰይድ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ባለጠመንጃው "ቀጥሉ" አለን፤ ሸክላውን ገለበጥኩ። ገበያ ውስጥ ደግሞ ሰዉ፣ ተማሪዎቹ ዛሬም እየጨፈሩ ነው ይል ነበር አሉ።

እንዲህ ሰነበትን። መንዙማው ቀረ፣ በገናው ቀረ፣ የዘፈን ምርጫውም ቀረ። ማታ ማታ መጋዘኑን በባልዲ ሲያጥቡት ከበሩ ሥር የሚወጣው ውሃ ቀይ ነበር። የራዲዮአችን ፕሮግራም አሁን አንድ ብቻ ሆነ፣ እሱም ከግድግዳው ወዲያ ያሉት የሚያወጡት ፕሮግራም ነው።

አንድ ቀን ሰይድ የድምፅ ማጉያዎቹን ሽቦ ቆረጠው። በራሱ ተበላሸ ሊል አስቦ ነበር፤ ምን ዋጋ አለው፣ ያ ልጅ ውሸት አይችልበትም። ታረቀ እዚያው ስቱዲዮ ውስጥ፣ በፊቴ፣ አፉን በሽጉጥ መታው። ጥርሱ ረግፎ ሸክላዎቹ ላይ ወደቀ። ደግሞ መታው፣ ደግሞ መታው፤ ከዚያ በፀጉሩ እየጎተተ ከግድግዳው ወዲያ ወሰደው። ሽቦውን ሌላ ሰው አምጥተው አስቀጠሉት። ብዙም ሳይቆይ ግድግዳው ተንኳኳ። የሰይድን ጩኸት በሰይድ ራዲዮ እንድሸፍን ነው እንግዲህ። የጠመንጃው አፈሙዝ ጀርባዬ ላይ ነበር፤ አጫወትኩ።

እማማ ዘሐራ ወሬውን ሰምተው ከቢስቲማ መጡ። አገልግላቸውን ይዘው ግቢው በር ላይ ተቀመጡ። ዘበኞቹ እንዲህ የሚባል ልጅ እዚህ የለም፣ ማን እንደወሰደውም አናውቅም አሏቸው። ሲያባርሯቸው ይሄዳሉ፣ ተመልሰው ይመጣሉ። ልጃቸው ያለው ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስበት ቦታ ነበር። ሰኞ፣ የገበያ ቀን፣ ባለጠመንጃው እየነዳኝ ስገባ እጄን ያዙኝ።

"ልጄ፣ በአላህ፣ ካለ አለ በይኝ። ከሞተም ሬሳውን ስጡኝና ልቅበር" አሉኝ።

ባለጠመንጃው ገፈተራቸው። አገልግሉ ተገለበጠና ለልጃቸው የያዙት ጭብጦ ጭቃው ላይ ተንከባለለ። እሳቸውም ተንበርክከው ጭቃውን በነጠላቸው እየጠረጉ ይለቅሙት ጀመር። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የነበረኝ ፍርሃት ነበር። ያን ሳይ ግን ደሜ ፈላ፤ እኔ ደግሞ ደሜ ከፈላ ማሰብ የሚባል ነገር የለኝም፣ እናቴ በዚህ ጠባዬ ስታለቅስ ነው የኖረችው።

ግድግዳው ሲንኳኳ መዝሙሩን አስገባሁ። ባለጠመንጃው እንደ ወትሮው ሲጋራ ሊለኩስ ደጅ ወጣ። በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩት። ወንበር ላይ ወጥቼ ማይክራፎኑን በግድግዳው አናት በኩል ወደ መጋዘኑ አንጠለጠልኩት። ወረድኩና የሸክላውን መርፌ አነሣሁ፤ የማይክራፎኑን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፈትኩት።

መጀመሪያ ድምፅ ማጉያው አፏጨ። ከዚያ የጅራፉ ድምፅ ደሴ ላይ ወረደ። ከዚያም የሰይድ ድምፅ። ያ ሁሉ የገበያ ጫጫታ በአንድ ጊዜ ሲቆም ስቱዲዮው ውስጥ ሆኜ ታወቀኝ። ሻጩ ሚዛኑን እንደያዘ፣ ገዢው እጁን እንደዘረጋ ቀረ አሉ። እማማ ዘሐራ ከመሬት ተነሥተው ወደ ውሃ ታንከሩ አንጋጠጡና፣ "አለሁ ልጄ፣ እዚሁ ነኝ" እያሉ መለሱለት።

በሩን ሰብረው ገቡ። የመጀመሪያው ሰደፍ ግራ ጆሮዬን አገኘው፤ ያ ጆሮ ከዚያ ወዲህ ሰምቶ አያውቅም። ስወድቅ በከስክስ ጫማ ረገጡኝ፣ የጎን አጥንቴን ሰበሩት። ታረቀ አምፕሊፋየሩን በድንጋይ ሲከሰክሰው፣ ሸክላዎቹን አንድ በአንድ ሲሰባብራቸው ተኝቼ አየሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመርጣቸው የፍቅር ዘፈኖች እንኳ አልቀሩለትም። እኔን ወደ ሌላ እስር ቤት ወሰዱኝ።

የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። የገበያ ሴቶች ዕቃቸውን ጥለው ከእማማ ዘሐራ ጎን ተቀመጡ። ሼሁና ቄሱ አብረው ወደ አስተዳዳሪው ሄዱ። አገር የሰማውን ልጅ የለም ማለት አልተቻለምና ሰይድ ስንቅ ወደሚገባበት ትልቁ እስር ቤት ተዛወረ፤ ከዓመታት በኋላም በሕይወት ወጣ። በማግስቱ ግን ከዚያው መጋዘን ሌሎች ሁለት ልጆች ተወስደው ተረሸኑ። እነሱን በር ላይ የሚጠብቃቸው ሰው አልነበረም።

እኔ ስፈታ ቢስቲማ ሄድኩ። እማማ ዘሐራ ይረግሙኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ለእናት የልጇን ጩኸት ማሰማት ቀላል ነገር አይደለም። ግንባሬን ሳሙኝና፣ "ሲወለድም በለቅሶው ነው በሕይወት መኖሩን ያወቅሁት" አሉኝ። ከዚያ አብረን ምሳ በላን።

ሰይድ ኮምቦልቻ ላይ የራዲዮ ጥገና ሱቅ ከፈተ። ይህን ሁሉ ዘመን በአንድ ከተማ ኖረናል። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ሙቀቱ እናወራለን፤ ያቺን ሰኞ ላነሣ ስል ግን ዕቃውን ይዞ ወደ ጓዳ ይገባል። እናቱን በጩኸቱ እንዳሰቃየሁበት ቆጥሮ ቂም ይዞብኛል ብዬ አመንኩ። እኔም ኩራተኛ ነኝና ተውኩት።

ከሐያት ስቱዲዮ ሸሽቼ የወጣሁ ዕለት ግን በቀጥታ ሱቁ ሄድኩ። ተማሪዎቹ እንድናገር ይፈልጋሉ፣ ነገሩ ያንተ ነውና ፈቃድህን ንገረኝ አልኩት። ሲጠግነው የነበረውን ራዲዮ አስቀመጠ። ጓዳ ይገባል ስል አልገባም። አንገቱን እንደደፋ ጠየቀኝ።

"ትርንጎ፣ ያን ቀን ስም ጠራሁ?"

"የምን ስም?"

"የሰው ስም። እነዚያ ልጆች በማግስቱ ተረሸኑ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ገበያው ሁሉ ሰምቶኛል፣ ዝም ያሉኝ ለይሉኝታ ነው እያልኩ ነው የኖርኩት።"

ለካ ቂም ያልኩት ፍርሃት ነበር። ወጣትነቱን፣ ጎልማሳነቱን፣ ሽበቱን ሁሉ ሰው ያስገደልኩ እኔ ነኝ እያለ ነው የጨረሰው። መልሱ ደግሞ ከሱቁ ሁለት መንገድ አልፎ፣ እኔ ቤት ተቀምጦ ነበር። አዘንኩለት፣ ተናደድኩበትም።

"አንድም ስም አልጠራህም" አልኩት። "እማዬ ብቻ ነው ያልከው። ድምፅህ እስኪዘጋ ድረስ እማዬ።"

"ወላሂ በይ።"

"ወላሂ" አልኩት፣ ማተቤ አንገቴ ላይ እንዳለ።

መነጽሩን አውልቆ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋ። አንድ ደንበኛ ራዲዮውን ይዞ ሲገባ፣ ነገ ና ብዬ እኔው መለስኩት። ብዙ አለቀሰ። ሲረጋጋ አፍንጫውን ጠረገና፣ ተናገሪ አለኝ።

በማግስቱ ሐረጎን ስወጣ ሳስበው፣ ታረቀ በመዝሙር የሸፈነውን እኛ ደግሞ በዝምታ ስንሸፍነው ኖረናል። ሐያት በየትኛው ዘፈን እንክፈት ብላ ጠየቀችኝ። ዘፈን አልፈልግም፣ በሩንም ክፈቺው አልኳት። የውጭ ድምፅ ይገባል ብላ ተከራከረች፤ የተማረችው ነው፣ አልፈርድባትም። ይግባ አልኳት። ትከሻዋን ሰብቃ ከፈተችው፤ የወንበር መጎተትና የተማሪዎች ሳቅ ገባ።

ቀዩ መብራት በራ። ሰይድ ሱቁ ውስጥ ሆኖ እንደሚሰማኝ አውቃለሁ፤ ያን ሰኞ ገበያ ከነበሩትም እስከ ዛሬ ያሉ ይሰማሉ። ስለ ውሃ ታንከሩ፣ ስለ እንቆቅልሹ፣ ስለ ዘፈን ምርጫው በኋላ ተናገርኩ። መጀመሪያ የተናገርኩት ግን ሰይድ ያን ቀን ያለውን አንድ ቃል ነው።