ሂሩት የተማረችው እንግሊዝኛ

ባለፈው ሰሞን አባቴን ልጠይቅ ከዘ ሄግ ተነስቼ ሮተርዳም ዳር ሆግቭሊት ስደርስ፣ ከሜትሮው እንደወረድኩ ነፋሱ ከፔርኒስ በኩል ያንን የነዳጅ ማጣሪያ ሽታ አምጥቶ ተቀበለኝ፤ አብረውኝ የወረዱት ሰዎች ፊታቸውን ሲያጨማድዱ እኔ ግን የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ከኩሽናችን በር ጀርባ በቅናት ደብኜ የቆምኩ መሰለኝ። ሽታው ለእኔ የቅዳሜ ከሰዓት ሽታ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት አባቴ ሂሩትን እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር።

ሂሩት የአባቴ ታላቅ ወንድም ልጅ ናት። አባቷ በደርግ ጊዜ ተወስዶ በዚያው ቀረ፤ እሷ በሱዳን አድርጋ፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት አንዲት ሻንጣ ይዛ እኛ ዘንድ መጣች፤ ካናዳ ያለው እጮኛዋ ወረቀቷን እስኪጨርስላት ድረስም እኔ ክፍል ውስጥ ፍራሽ ተነጠፈላት። አባቴ ደሴ ሳለ የእንግሊዝኛ መምህር ነበር። ሮተርዳም ከገባን ወዲህ ግን ወደቡ አካባቢ ቢሮ እያጸዳ፣ ማታ ጫማውን አውልቆ ቴሌቪዥኑ ፊት ዝም የሚል ሰው ሆኖ ነበር፤ እኔ የማውቀውም ይኼንኑ ዝምተኛ ነው። ሂሩት በመጣች በመጀመሪያው ቅዳሜ ታዲያ ጢሙን ተላጭቶ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊቷ ተቀመጠና አፉን ከፈተ። ይኼ ሁሉ ቃል በአባቴ ሆድ ውስጥ መኖሩን ያን ቀን ገና አወቅኩ፤ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ መውጣቱ አንጀቴን አሳረረው።

ክረምቱ ገብቶ መስኮቱ በእንፋሎት ሲሸፈን፣ ሂሩትን ያስቸገሯት አራት ቃላት ነበሩ፤ ሴይ፣ ቴል፣ ስፒክና ቶክ። እሷ አንዱን በሌላው ቦታ እየሰነቀረች አባቴን ታስቀዋለች፣ እሱም ሳይሰለች ያርማታል።

«ሴይ የሚፈልገው ቃሉን ነው» ይላት ነበር። «ቴል ግን ሰሚ ይፈልጋል፤ ለማን እንደተነገረ ካልጠቀስሽ ዓረፍተ ነገሩ ጎዶሎ ነው። ቶክ ሁለት ሰው ቁጭ ብሎ ሲጨዋወት ነው። ስፒክ ደግሞ ወይ ቋንቋ መቻል ነው፣ ወይ በሰው ፊት ቆሞ መናገር።»

«አሁን ገባኝ ጋሼ፤ እርስዎ ሲያስረዱት እኮ ይቀላል» ትለው ነበር፣ ሻዩን እየቀዳችለት። እኔ አባቴን «አንተ» ብዬ ያደግኩ ልጅ፣ ያቺ «እርስዎ» በተባለች ቁጥር ትከሻው ቀና ሲል በበሩ ክፍተት አይ ነበር፤ ሻዩ በአፍንጫው በወጣ ብዬም እመኝ ነበር።

አባቴ ከደሴ ይዞት የመጣ አንድ የማስተማር ደንብ ነበረው። የፈጠራ ዓረፍተ ነገር ጭንቅላት ውስጥ አይቀመጥም፣ ምሳሌ ሁሉ በእርግጥ ከደረሰ ነገር መውጣት አለበት ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህ በእንግሊዝኛ አንድ ይልና በአማርኛ ይደግምላታል። «ወንድሜ ሽሽ ብሎ ነገረኝ።» «እናቴን ደህና ሁኚ አላልኳትም።» «በጭነት መኪናው ላይ ማንም ከማንም ጋር አላወራም።» ጸደይ ሆኖ መስኮቱ ሲከፈትም ከውጭ ከሚጫወቱት ልጆች ጋር መሄድ ትቼ ጆሮዬን በሩ ላይ እለጥፍ ነበር፤ ምክንያቱም የአባቴ ሕይወት ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ፣ በምሳሌ እየተመነዘረ፣ ለሂሩት እየተሰጠ ነበር።

እናቴ አንድ ቀን እዚያው በሩ ጋ ያዘችኝና ወደ ሳሎን ወሰደችኝ። «አባት የሌላት ልጅ ናት፤ ለጥቂት ወር አባትሽን ብትዋስ ምን አለበት?» አለችኝ። እኔ ግን አባቴን ለማንም የማዋስ ሐሳብ አልነበረኝም።

በበጋው የሂሩት ወረቀት አለቀና አምስተርዳም አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘናት። አባቴ ሲያለቅስ አየሁት፤ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ስንመለስ ባቡር ውስጥ አጠገቡ ተሸጉጬ «አባዬ፣ እኔንም እንግሊዝኛ አስተምረኝ፣ ቶ ናው» ብዬ፣ እባክህን የምትለዋን በሆላንድኛ ጨምሬ ለመንኩት። በቀጣዩ ቅዳሜ ተላጭቶ፣ ኮቱን ለብሶ በሂሩት ወንበር አስቀመጠኝ። ልቤ በደስታ ዘለለች። ከዚያ ጀመረ። «እናትሽ ወተት አልቋል አለች።» «ጎረቤታችን ነገ ይዘንባል ብሎ ነገረኝ።» ደንቡን አላፈረሰም፤ ወተቱም አልቆ ነበር፣ ዝናቡም ዘነበ። ወንድሙ ግን በምሳሌዎቹ ውስጥ አልመጣም፣ እናቱ አልመጣችም፣ የጭነት መኪናውም የለም። ሳምንት ከሳምንት እየተቀመጥኩ ጠበቅኩ፤ በመጨረሻ አራቱን ቃላት አንድም ሳልስት አወቅኳቸውና ትምህርቱ ተቋረጠ።

ባለፈው ሰሞን እንግዲህ፣ ከሜትሮው ወርጄ ቤት ስገባ ልጄ ሊያ ከእኔ ቀድማ ደርሳ ሶፋው ላይ አያቷ ብብት ስር ገብታለች። «ወንድም ነበረህ እንዴ?» ብላ ጠይቃው ኖሯል። እሱም በዚያ በተሰባበረ ሆላንድኛው፣ ቃል ሲጠፋው በእጁ እየሳለ፣ ወንድሙ የቦርከና ወንዝ በሞላ ጊዜ በጀርባው አዝሎ እንዳሻገረው፣ አባቴ ከደሴ ሲሸሽም ወንድሙ የራሱን ጫማ አውልቆ እንደሰጠው ይነግራታል። የጫማውን ነገር ለሂሩት እንኳ ሲነግራት አልሰማሁም። ካፖርቴን ሳላወልቅ ቆሜ ቀረሁ።

«አባዬ» አልኩት፣ «ይኼንን ለእኔ ነግረኸኝ አታውቅም።»

ቀና ብሎ ከልቡ ተገርሞ አየኝ። «አንቺ የፈለግሽው እንግሊዝኛ ነበራ» አለኝ። «አስተምረኝ አልሽ፣ አስተማርኩሽ።»

ሊያ እጁን ጎተት አድርጋ «ከዚያስ?» አለችው፤ እሱም ወደ እሷ ዞረ። ይኼው ሃምሳን አልፌም ቀናሁ፣ ያውም በገዛ ልጄ። ያኔ ቢሆን ከበር ጀርባ ቆሜ እቃጠል ነበር። አሁን ግን አባቴ ሰማንያን አልፏል፣ ለማኩረፍ ጊዜ የለኝም፤ ካፖርቴን አወለቅኩና ሊያን ጠጋ በይ ብዬ፣ ቅናቴም ሳይበርድልኝ፣ በሌላው ጎኑ ተቀመጥኩ።